ሰባት ቁጥር ጠርሙስ

አባቴ እንደሚያወራው፣ በ2002 ዓ.ም. ክረምት ፈረሳችን ቦራ ከሞት የተረፈው በቁስቋም ጠበል ነው። ሦስት ጠዋት በጀሪካን ተሸክሞ አመጣለት። ግማሹን አጠጣው፣ ግማሹን ሆዱ ላይ አፈሰሰለት። በአራተኛው ቀን ቦራ ጆሮውን አቁሞ ገለባ ጠየቀ። ይህን ታሪክ አባቴ ስንት ሰው እንደነገረ አላውቅም፤ ሲነግር ግን አንድ ቃል አይጨምርም፣ አንድ ቃል አይቀንስም።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር እስከዳር በጥናቷ ላይ የጻፈችው ሌላ ነው። በእሷ ወረቀት ላይ ቦራ «ፈረስ ቁጥር 14» ይባላል። በክረምቱ መጨረሻ ከሃያ የጋሪ ፈረሶች መካከል አንጀቱ ከትል ንጹሕ ሆኖ የተገኘው እሱ ብቻ ነው። «ይህ ፈረስ ትልን በተፈጥሮው የሚቋቋም ሳይሆን አይቀርም» ብላ በአንድ መስመር አልፋዋለች።

ሁለቱም ቅን ሰዎች ናቸው። አባቴ ያየውን ያወራል፣ እሷም የቆጠረችውን ጽፋለች። ቦራ ምን እንደዋጠ የማውቀው ግን እኔ ነኝ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ቤታችን ጎንደር ውስጥ፣ ከቁስቋም ወደ ቀሃ ወንዝ በሚያወርደው መንገድ ላይ ነበር። ግቢውን ከአያ ሐብተ ማርያም ጋር እንጋራለን፤ እሱም እንደ አባቴ ባለጋሪ ነው። በሁለቱ ቤቶች መሃል በቆርቆሮ የተከደነ አንድ ጋጣ ነበር፤ በውስጡም አንድ ረጅም ግርግም። በአንዱ ጫፍ ቦራ፣ በሌላው ጫፍ የአያ ሐብቴ ጥቁር ፈረስ፣ ጉራች፣ ይታሰራሉ። የእኛው ግንባሩ ላይ ሰፊ ነጭ ስለነበረበት ነው ቦራ የተባለው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ያን ነጭ ሳልነካ ወደ ቤት አልገባም ነበር።

አያ ሐብቴን አልወደውም። ከቀኝ እጁ ሁለቱን ጣቶች የጋሪ ሰንሰለት በልቷቸዋል፤ በቀሩት ሦስቱ ጆሮዬን ሲይዘኝ ግን ከአምስት ይበረታሉ። ድምፁንም ዝቅ አድርጎ መናገር አያውቅም። ለቦራ ሸንኮራ ስሰጥ አይቶኝ፣ «ምነው አንተ፣ ጥርሱን ልታረግፈው ነው?» ብሎ የጮኸብኝን ጩኸት አሁንም አስታውሰዋለሁ። የዚያን ዓመት ነገር ሁሉ ያየሁት በዚህ ጥላቻ ውስጥ ሆኜ ነው።

ዶክተር እስከዳር የመጣችው በሰኔ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት ያልሞላት፣ ቀጭን፣ ቦት ጫማዋ ከእግሯ የሚሰፋ ልጅ ነበረች። የጋሪ ፈረሶችን ጤና የሚያጠና አንድ ፕሮጀክት ነው የላካት። ባለጋሪዎቹ ሃያውን ፈረስ በግቢያችን ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ አሰለፉላት። እሷም እስከ ትከሻዋ የሚደርስ የላስቲክ ጓንት አጠለቀችና እጇን ከፈረሶቹ ጭራ ሥር እየከተተች ፋንድያ ታወጣ ጀመር። ያወጣችውን ትንንሽ ብልቃጥ ውስጥ ትከታለች፣ በብልቃጡ ላይ ትጽፋለች፣ ወደሚቀጥለው ፈረስ ትሄዳለች።

«ዶክተር፣ የጠፋብሽ ዕቃ አለ?» አላት አንዱ።

«ቀለበቷ ነው» አለ ሌላው። «ቆይ ትንሽ፣ የእኔ ፈረስ ዋጥ ሲያደርግ አይቸዋለሁ።»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እሷ እጇን ሳታወጣ ዞር አለች።

«የጠፋውስ የእናንተ ገብስ ነው» አለች። «ለፈረሱ ትሰጣላችሁ፣ የሚበላው ትሉ ነው። ይህ ሁሉ የጎድን አጥንት ከምን የመጣ ይመስላችኋል?»

ሳቁ ቀነሰ። አያ ሐብቴ ጉራችን በጋማው ይዞ ቀረበ። «እኔን ልጅ፣ ነይ ከዚህ ፈልጊ። የእኔው ጨዋ ነው፣ አይራገጥም።»

እኔ ደግሞ ፋንድያውን ይዛ የምትሄደው መድኃኒት ልትሠራበት መስሎኝ ነበር። ከቦራ ሆድ የተወሰደው ተመልሶ ለቦራ መድኃኒት ሆኖ የሚመጣ መሰለኝ። እናም ብልቃጦቹ እንዳይቀላቀሉባት ተጨነቅሁ።

በሐምሌ መጀመሪያ እኔ የዓመቱን ካርድ ልቀበል ትምህርት ቤት በዋልሁበት ቀን ተመልሳ መጣች። ከቀትር በኋላ እየሮጥሁ ቤት ስደርስ የሰማሁት «ዛሬ የመድኃኒት ዕጣ ነበር» የሚል ብቻ ነው። እኔ የማውቀው ዕጣ የቅርጫ ዕጣ ነው። ለፋሲካ ባለጋሪዎቹ አንድ በሬ ተጋርተው ያርዳሉ፤ ሥጋው በቅጠል ላይ መደብ በመደብ ይደለደላል። እያንዳንዱ ሰው ቁልፍ ወይም ስንጥር ወይም የልብስ አዝራር ያዋጣል። የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። አንዱ መደብ ጉበት ይበዛበት ይሆናል፣ አንዱ አጥንት፤ ባዶ እጁን የሚመለስ ግን የለም። ስለዚህ የመድኃኒት ዕጣ ሲባል ቦራም ድርሻውን እንዳገኘ አልተጠራጠርሁም። ዕጣ ወጥቶ የማይደርሰው ሰው ይኖራል ብዬ በምን ላስብ?

ጋጣው በር ላይ አባቴ አንድ ጠርሙስ ይዞ ቆሟል። ጠርሙሱ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል፤ በወረቀቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ 7 ተጽፏል። ውስጡ እንደ ወተት የነጣ ወፍራም ፈሳሽ ነው። አያ ሐብቴ አጠገቡ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ አንገቱን ይዞ ተቀምጧል። እናቴ የትናየት ከቤቱ ደጃፍ ላይ ሆና ሻሿን ደጋግማ ትፈታለች፣ ደጋግማ ታስራለች።

«ኧረ ተው አለበል» አለች አባቴን። «የሰው ድርሻ ነው። ኋላ ጣጣ ያመጣል።»

«እኔ መች አልሁ? አያ ሐብቴ ነው እንጂ።»

«አንቺ ደግሞ!» አላት አያ ሐብቴ። «ከአንድ ግርግም እየበሉ አንዱን አድኖ ሌላውን መተው ምን የሚሉት ነገር ነው? አጋባው አለበል። እኩል ይሁን። ትንሽ ጨምር... ትንሽ... እህ፣ ፈሰሰ! እጅህ ምነው? የእኔ ሦስት ጣት ይሻል ነበር።»

አባቴ ከባለ ቁጥሩ ጠርሙስ ግማሹን ወደ ለስላሳው ጠርሙስ ገለበጠ። ሁለቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አስተያዩ። ከዚያ አያ ሐብቴ ባለ ቁጥሩን ጠርሙስ ከአባቴ እጅ ወሰደ፤ ለእኛ ወረቀት የሌለው፣ ቆርኪውም በጨርቅ የተተካው ቀረ።

«ለልጅቱ ትንፍሽ እንዳትሉ» አለ አያ ሐብቴ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አድርጎ። «ለሌሎቹም ነግሬያለሁ። ሰጥታችኋል ወይ ካለች፣ ሰጥተናል ነው።»

እኔ ያየሁት ይህ ነበር፦ አባቴ የቦራን መድኃኒት ይዞ ቆሞ ነበር፤ አያ ሐብቴ መጥቶ አካፍል አለው፤ ጥሩውን ጠርሙስ ራሱ ወሰደ፤ እናቴ የሰው ድርሻ ነው ብላ ተከራከረች፤ የሰማት የለም፤ በመጨረሻም ለዶክተሯ እንዳይነገር ተባለ። ሌባ ካልሆነ ለምን እንዳይነገር ይላል? አባቴ ዝም በማለቱ ደግሞ አፈርሁበት። የቦራን ሐቅ አሳልፎ ሰጥቶ ጭራሽ «እግዜር ይስጥልኝ አያ ሐብቴ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

ሁለቱንም ጠርሙሶች ከግርግሙ በላይ ባለው የግንብ ጠርዝ ላይ አስቀመጧቸው። መድኃኒቱ የሚሰጠው በማግስቱ ጠዋት፣ ፈረሶቹ ምንም ሳይበሉ ነው ተብሏል። ከዚያ የጋሪ ጎማ ሊያስነፉ ተያይዘው ወጡ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር ይወርድ ነበር። እናቴ ቤት ውስጥ ገብታለች።

ግርግሙ ላይ ቆምሁና ጠርሙሶቹን አወረድሁ። በባለ ሰባት ቁጥሩ ጠርሙስ ውስጥ ያለው የት ድረስ እንደሚደርስ በጥፍሬ ወረቀቱ ላይ ጫር አደረግሁ። ከዚያ ሁሉንም ወደ እኛው ጠርሙስ ገለበጥሁት። ጠብታ አላስተረፍሁም። ከእናቴ ማድጋ የስንዴ ዱቄት በእፍኜ ሰርቄ፣ ከጣሪያ የሚወርደውን ውኃ ጨምሬ፣ ባዶውን ጠርሙስ እስከ ጫርሁበት ሞላሁት። ደጋግሜ በጠበጥሁት። ነጭ ሆነ። እንዲያውም ከመድኃኒቱ ይልቅ ነጣ። እጄን ስታጠብ ልቤ ቀለል አለኝ። ከሌባ አስመለስሁ እንጂ ሰረቅሁ ብዬ አላሰብሁም።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ የለስላሳውን ጠርሙስ ሲያወርድ ቅንድቡን ሰበሰበ።

«ትናንት ይህን ያህል ነበር?»

«ጣሪያው አፍስሶበት ይሆናል» አለ አያ ሐብቴ። «ስጠውና ተገላገል። ሥራ ረፈደ።»

ቦራ አልዋጥም አለ። አባቴ ምላሱን ወደ ጎን ስቦ ያዘና ጠርሙሱን በጉንጩ በኩል አስገባ። ግማሹን አንገቱ ላይ ይተፋዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። ጉራች ግን ምንም አላስቸገረም። ዱቄቱን ጠጥቶ ከንፈሩን ላሰ፣ የጠርሙሱንም አፍ ላሰ፣ ከዚያ ተጨማሪ ፍለጋ የአያ ሐብቴን ኪስ አሸተተ።

«አየኸው?» አለ አያ ሐብቴ ደረቱን ነፍቶ። «አላልሁህም ጨዋ ነው? መድኃኒት መሆኑ ገብቶታል።»

በሦስተኛው ቀን የቦራ ፋንድያ ውስጥ ትል ታየ። አንድ ሁለት አይደለም። እንደ እርሳስ የረዘሙ፣ የነጡ፣ አንዳንዶቹ ገና የሚንቀሳቀሱ። ከመድኃኒቱ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ማንም አይቶበት አያውቅም። ባለጋሪዎቹ ተሰብስበው በእንጨት እየገለበጡ አዩት።

«መድኃኒቱ ነው የፈለፈለበት» አለ አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ።

«የእኔው ንጹሕ ነው» አለ አያ ሐብቴ። «ይኸውላችሁ፣ ኑ እዩ። አንድም የለው።»

ሄደው የጉራችን ፋንድያ አዩ። እውነትም አንድም አልነበረም። ሰዎቹ አያ ሐብቴን ታድለህ አሉት፤ አባቴን በሐዘን አዩት። እኔ ጋጣው ጥግ ተሸጉጬ ሁለት ድርሻ አጠጥቼ ቦራን ገደልሁት እያልሁ እጄን እነክሳለሁ።

ዛሬ ይህን ለማንም ባለፈረስ በሁለት ደቂቃ አስረዳለሁ። ከቦራ የወጣው ትል ሆዱ ውስጥ የኖረው ነው፤ መድኃኒቱ ስለገደለው ወጣ። ከጉራች ምንም ያልወጣው የገደለው ነገር ስለሌለ ነው። ያኔ ግን ሃያ ጎልማሳ ሰው በአንድ ክምር ፋንድያ ዙሪያ ቆሞ የታመመውን ፈረስ ዳነ፣ የዳነውን ታመመ ብሎ ፈረደ። አልስቅባቸውም። ዓይናቸው የነገራቸው ይህንኑ ነበር።

አባቴ ወደ ጠበሉ የሮጠው በዚያው ቀን ነው። ሦስት ጠዋት። የቀረውን እሱ ይነግራችኋል።

ነሐሴ ሲገባ የቦራ የጎድን አጥንት ተሸፈነ፣ ጠጉሩ እንደ ቅቤ አበራ። የሌሎቹ ግን እንደነበሩ ናቸው። ጉራች ደግሞ እየበላ ይከሳ ጀመር። ሆዱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ጀርባው ሰይፍ ሆነ፣ ጠጉሩ ቆመ። አያ ሐብቴ ገብስ ጨመረለት። አተላ እየለመነ አመጣለት። ከጋሪ ፈትቶም ሳምንት አሳረፈው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ በየቀኑ አየሁ፤ ከዚያች ጠርሙስ ጋር ግን አላገናኘሁትም። ልጅ ነኝ፣ ፍትሕ አድርጌያለሁ፤ ጉዳዩ በእኔ በኩል ተዘግቷል።

ፍልሰታ በተፈታ በሦስተኛው ቀን ጉራች ጋሪው ላይ እንደተጠመደ ዳገት ላይ ተንበረከከ። እየጎተቱ ግቢ አደረሱት። ራሱን አዙሮ ሆዱን ያያል፣ በኋላ እግሩ ይመታዋል፣ ይወድቅና ይንከባለላል፣ ላቡ እንደ ዝናብ ይወርዳል። የተኛ ፈረስ አንጀቱ ይጠማዘዛል ስለሚባል አያ ሐብቴ ልጓሙን ይዞ እያስነሳ በግቢው ዙሪያ ያዞረዋል።

«ተነስ አንተ! ተነስ የኔ ጌታ! አንድ ዙር ብቻ። ተነስ ስልህ!»

ያ የማይወርድ ድምፅ እየተሰነጣጠቀ ነበር። አባቴ በስልክ ዶክተር እስከዳርን ጠራ። በባጃጅ ደርሳ መርፌዋን እስክታዘጋጅ፣ ጉራች እግሩን ዘርግቶ ቀረ።

እሷ መርፌዋን ወደ ቦርሳዋ መልሳ ሆዱን ከፍቼ ማየት አለብኝ አለች። ሰዎቹ ወደ ቀሃ ዳር ጎተቱት። እኔ ከድንጋይ አጥሩ ላይ ወጥቼ አየሁ። ተንበርክካ ቀደደችው። አንጀቱ አንድ ቦታ ላይ እንደ ክንድ አብጧል። እሱን ስትከፍተው ትሉ ልክ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ተያይዞ፣ ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ወጣ። ሰዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ።

«ይህ መድኃኒት የወሰደ ፈረስ ሆድ ነው?» አለች። «አያ ሐብቴ፣ ሰጥተውታል?»

«ሰጥቸዋለሁ።»

«ይንገሩኝ። ሸጠውት ከሆነም አልቆጣም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ምን ብዬ ነው የምሸጠው! በእነዚህ ጣቶቼ ነው ያጠጣሁት። ምስክር አለኝ።»

«ሙሉውን?»

አያ ሐብቴ አባቴን አየ። አባቴ መሬት መሬት አየ። ከጀርባቸው የቆሙት ባለጋሪዎች ሁሉ መሬት መሬት አዩ።

«ሙሉውን» አለ አያ ሐብቴ።

በክርኗ ግንባሯን ጠረገች። ደብተሯን እንድይዝላት አንዱን ለመነችና፣ ደም ያልነካውን ጣቷን ፈልጋ ጻፈች።

እኔ አጥሩ ላይ ሆኜ «ውሸቱን ነው፣ የእኛን ሰርቆ ነው!» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ብዙ ጊዜ ወደዚያች ደቂቃ እመለሳለሁ። ብጮህ ኖሮ የተናገርሁት ሁሉ ሐሰት ይሆን ነበር፤ ግን መድኃኒቱ መካፈሉ ይታወቅ ነበር፣ እሷም ትጠይቅ ነበር፣ አንዱ ከሌላው እየተመዘዘ እውነቱ ይወጣ ነበር። አልጮህሁም። ስለ ዱቄቱ እናቴ ብታውቅ የምትገርፈኝ መጣብኝ። አፌን ዘጋሁ።

የዛሬ አራት ዓመት፣ እንስሳት ጤና ስማር፣ ስለ ጋሪ ፈረሶች የትል በሽታ የመመረቂያ ጽሑፍ ላዘጋጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሮጌ ጥናቶች አገላብጥ ነበር። የዶክተር እስከዳርን አገኘሁት። በመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት ዝርዝር አለ። አንደኛው «መድኃኒት የተሰጣቸው» ይላል፤ አሥር ፈረሶች። ሁለተኛው «ለማወዳደሪያ መድኃኒት ያልተሰጣቸው» ይላል፤ አሥር ፈረሶች።

«7። ጉራች። ባለቤት ሐብተ ማርያም» የሚለው የተሰጣቸው ውስጥ ነው።

«14። ቦራ። ባለቤት አለበል» የሚለው ያልተሰጣቸው ውስጥ ነው።

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ የዚያች ከሰዓት በኋላ ነገር ሁሉ ተገልብጦ ታየኝ። ጠርሙሱ የአያ ሐብቴ ነበር። አባቴ የያዘለት በሦስት ጣት መገልበጥ ለአያ ሐብቴ ስለማይመች ነው። ዕጣው እኛን ዘሎን ነበር፤ ሰዎቹ ግን ባዶ እጅ የሚያስመልስ ዕጣ ስላላወቁ በዚያው ቀን እንደ ቅርጫ አቃኑት። የደረሳቸው አሥሩ ላልደረሳቸው አሥር ግማሽ ግማሹን ሰጡ። እናቴ የሰው ድርሻ ነው ያለችው እኛ የምንወስደውን ነው። እግዜር ይስጥልኝ የተባለውም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ አሥራ ስምንቱ ፈረሶች ለአንድ ፈረስ የሚበቃውን ለሁለት ጠጡ፤ ትሉን ሊገድል የማይበቃ። አንዱ ዱቄት ጠጣ። ሙሉውን የጠጣ በሃያዎቹ ውስጥ ቦራ ብቻ ነው፤ እሱም በወረቀቱ ላይ ምንም ያልጠጣው ነው። የተሰጣቸው አልዳኑም፣ ያልተሰጠው ዳነ። እሷ ከዚህ በመነሳት «መድኃኒቱ በጎንደር የጋሪ ፈረሶች ላይ ለውጥ አላሳየም» ብላ ደመደመች። የተነገራትን ይዛ ከዚህ ሌላ ምን ልትል ትችል ነበር? ከፈረሶቹ ጎን ቆማ በእጇ አለማጠጣቷ ጥፋቷ ነው፤ እሱንም ያደረገችው ሰዎቹን አምና ነው።

ጉራች ግማሹን ቢያገኝ ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። ግማሽ የጠጡት ሁሉ እንደከሱ ቆዩ፤ ግን አንዳቸውም በዚያ ክረምት አልሞቱም። ይህን ከራሴ ጋር በብዙ መንገድ ተከራክሬበታለሁ፤ ሁልጊዜ እዚሁ ላይ እደርሳለሁ።

ወዲያው ሄጄ መናገር ነበረብኝ። አራት ዓመት ዝም አልሁ።

ዘንድሮ በከተማችን ሃያ ሦስት የጋሪ ፈረሶች አሉ። እኔ የምሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ፋንድያቸውን መርምሬያለሁ፤ ከሃያ ሦስቱ ሃያ አንዱ በትል ተጎድተዋል። የአባቴ ቀይ ባዝራና የአያ ሐብቴ ዳማ ፈረስ ከሁሉ ይብሳሉ። ፕሮጀክቱ አሁንም አለ፤ ለሁሉም የሚበቃ መድኃኒት እንዲልክ ማመልከቻ ጻፍሁ። መልሱ በወሩ መጣ። «ቀደም ሲል በጎንደር በተደረገ ጥናት መድኃኒቱ ለውጥ ባለማሳየቱ፣ የዘንድሮው ድርሻ ለሌላ ከተማ ተመድቧል።» የፈረመችው ዶክተር እስከዳር ናት።

ደወልሁላት። ለስብሰባ ጎንደር መጥታ እስከ ዓርብ እንደምትቆይ ነገረችኝ። ጥናቱ የተሳሳተ ነው አልኋት።

«ቁጥሬን እንዴት ልካድ?» አለችኝ በትዕግሥት። «ባለቤቶቹ ሙሉውን ሰጥተናል ብለው በአውራ ጣታቸው ፈርመውልኛል።»

«ቃላቸውን ቢለውጡስ?»

«ይምጡና ይንገሩኝ። እስከ ዓርብ ከሆነ ድርሻውን ላስመልስ እችላለሁ። ከዚያ በኋላ ይጫናል።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ሄድሁ። አባቴና አያ ሐብቴ ጋጣው ፊት ተቀምጠው አንድ የተበጠሰ ማሰሪያ ይሰፋሉ። አያ ሐብቴ ሰባ ሊሞላው ነው፤ ድምፁ ግን አልወረደም።

«ዶክተራችን መጣ! ና ይቺን ባዝራ እያት፣ አባትህ በጾም ሊገድላት ነው።»

ቆሜ ነገርኋቸው። ዱቄቱን፣ ጠርሙሱን፣ ሁሉን። ባሰብሁት መንገድ አልወጣልኝም፤ አንዱን ከአንዱ እያስቀደምሁ ተምታታብኝ። አባቴ ቀልድ መስሎት መጀመሪያ ፈገግ አለ። አያ ሐብቴ ወስፌውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ለጉራች የሰጠሁት ዱቄት ነው?»

«አዎ፣ አያ ሐብቴ።»

«ምን አድርጌህ ነበር?»

«የእኛን የወሰዱብን መስሎኝ።»

«የእናንተን!» አለ። ፊቱን ወደ ዳማው አዞረ።

አባቴ ብድግ አለ። «እና ጠበሉን ልታስክደኝ ነው የመጣኸው?»

«አባዬ፣ ጠበሉን አልክድም። አንተ ያደረግኸውን ታውቃለህ፣ እኔም ያደረግሁትን አውቃለሁ። እኔ የምለው ዶክተር እስከዳር ዘንድ ሄዳችሁ መድኃኒቱን መካፈላችሁን እንድትነግሯት ነው። አለዚያ ዘንድሮም የለም።»

«አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሐሰተኞች ነበሩ እንድንባል? ያኔ በአውራ ጣታችን ፈርመን! ከዚያ ወዲያ ማን ያምነናል? ማን ባለጋሪ ነው ቀና ብሎ የሚሄደው?»

«ካልተናገራችሁ ፈረሶቹ ያልቃሉ።»

«ሌላ መድኃኒት ጻፍ! አንተ አይደለህ የተማርኸው?»

«እኔ አልታመንም አባዬ። የሚፈለገው የእናንተ ቃል ነው።»

«ያኔ ዘጠኝ ዓመትህ ሳለ አፍህን ዘግተህ፣ አሁን ምን ቆርጦህ...»

«አለበል» አለ አያ ሐብቴ።

አባቴ ተመልሶ ተቀመጠ። አያ ሐብቴ ማሰሪያውን አጣጥፎ ወደ ጎን አስቀመጠ።

«ፈረሱስ ሄደ» አለ። «እኔን የሚያቃጥለኝ ልጅቱ ናት። እጇ ክንዷ ድረስ ደም ሆኖ፣ ጭቃ ላይ ተንበርክካ፣ አልቆጣም ብላ ለመነችኝ። ዓይኗን እያየሁ ዋሸኋት። ለማን ብዬ? አንተ ያልተፈቀደልህን ወሰድህ ተብለህ ከፕሮጀክቱ ዝርዝር እንዳትፋቅ ብዬ ነው። አንተም ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ፤ በጭንቅ ነው የተሰማው።

አያ ሐብቴ ግርግሙን ተደግፎ ተነሣ። ሲናገር እኔን አላየኝም፤ የሚያናግረው አባቴን ነበር፤ ድምፁ ግን ከአጥሩ ውጭ መንገደኛ ይሰማዋል።

«እኔ ነገ እሄዳለሁ። ግማሹን ለአለበል ሰጥቼ ሙሉውን ሰጠሁት ብዬ ዋሽቼሻለሁ እላታለሁ። አንተ አልሄድም ካልህ ቅር፤ ጠበልህንም አልነካብህም። እኔ ግን የራሴን እናገራለሁ።»